የጎረቤት ታሪክና የትምህርት ቤት መጽሐፍ፦ የአመዛዛኝ ድርሰት አጻጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦
1. ከምንባቡ ውስጥ ዋናውን ሐሳብና ደጋፊ ማስረጃዎቹን ለይታችሁ ታወጣላችሁ፤
2. በአድራጊና በተደራጊ ግሥ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ተደራጊ ግሥ የድርጊቱን ባለቤት እንዴት እንደሚሰውር ታስረዳላችሁ፤
3. የተቃራኒን ሐሳብ በቅንነት ተቀብሎ የሚመልስ አመዛዛኝ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. መንደርደሪያ

በእጃችሁ የምትይዙት የትምህርት መጽሐፍ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው፣ መርጠውና አርመው ያዘጋጁት ነው። የሚመርጥ ሰው ደግሞ የሚተወው ነገር ይኖረዋል። አንዱ ገጽ ስለ ንጉሡ ዘመቻ ሲናገር፣ ለንጉሡ ጦር ማረሻና ጦር ስለ ቀጠቀጠው ሰው የሚናገር ገጽ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ የአያቶቹን ስም ያላገኘ ተማሪ ምን ማድረግ ይገባዋል? ዝም ይበል? ይቆጣ? ወይስ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ሐሳቡን አደራጅቶ፣ «እኛስ?» ብሎ ይጠይቅ? የሚከተለው ምንባብ ይህን ጥያቄ ስለ ጠየቁ ሰዎች ይናገራል። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ በለሆሳስ አንብቡት፤ በሁለተኛው ንባብ ግን የማታውቋቸውን ቃላት በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ።

ለ. ምንባብ

ቤተ እስራኤልና የትምህርት ገበታ

በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን ተራሮችና በትግራይ አንዳንድ ወረዳዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ፣ የሙሴን ኦሪት የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ራሳቸውን «ቤተ እስራኤል» ብለው ይጠሩ ነበር። ቅዱስ መጽሐፋቸው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው፤ የሃይማኖት አባቶቻቸውም ቄሶች ይባላሉ። ሌላው ሕዝብ ግን «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። ይህ ስም ፈለሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ ጋር ይያያዛል፤ ትርጕሙም አገር የሌለው፣ ስደተኛ እንደ ማለት ነው። በአገሩ ተወልዶ በአገሩ የሚያርሰውን ሰው «ስደተኛ» ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚያቈስል ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ በጦርነት ድል ካደረጋቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዙን ታሪክ ያወሳል። የሰሜን መሪዎቻቸው ግን ኃይላቸው እስኪሰበር ድረስ፣ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ተዋግተዋል። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራልና ከእነርሱ ብዙዎቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ይሁን እንጂ ማረሻውን የሠራላቸውን ሰው ጎረቤቶቹ «ቡዳ» ብለው ይሸሹት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው በሽታው በመላ አገሪቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። ርስት የለሽነቱም በሕግ የተወገደው የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው።

ቤተ እስራኤል ስለ ራሳቸው የሚጽፉበትን መንገድ የፈለጉት በትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ አይሁዳውያን ምሁራን ከአውሮፓ መጥተው ጎበኟቸው። ፋይትሎቪች በ1905 ታምራት አማኑኤል የተባለውን ወጣት ወደ አውሮፓ ይዞት ሄደ። ታምራት ተምሮ ተመለሰና በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሪ ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከታምራት በኋላ ይህን ሥራ ከቀጠሉት መካከል አቶ ዮና ቦጋለ ይገኛሉ። አቶ ዮና በጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃ ተወልደው፣ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው፣ በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለው፣ ኋላም በጎንደር መንደሮች ለሚገኙት የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤቶች የደከሙ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤል እንዲሠራ ፈቀደ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚገመቱት ሞቱ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ።

ነገር ግን አዲሱ አገር በደረሱ ጊዜ የቀድሞው ጥያቄ በሌላ መልክ ጠበቃቸው። ብዙ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ የአማርኛና የትግርኛ ስማቸው በዕብራይስጥ ስም ተለወጠ። ወጣቶቹ ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ የትምህርት መጻሕፍቱ ስለ አውሮፓ አይሁድ በሰፊው ይናገራሉ፤ ስለ እኛ ሲናገሩ ግን የሚያወሱት አውሮፕላኑን ነው። በእግሩ የተጓዘው፣ ልጁን በበረሃ የቀበረው፣ ኦሪቱን ለዘመናት የጠበቀው ሰው የት ደረሰ? በዚህ አነጋገር ቤተ እስራኤል የተረዱ እንጂ የሠሩ ሰዎች ሆነው አይታዩም ነበር።

ስለዚህ አቤቱታቸውን ማሰማት ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሃይማኖት ባለሥልጣናት የአይሁድነታቸውን እርግጠኛነት በሚያጠራጥር ሥርዓት እንዲያልፉ በጠየቋቸው ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት የቤተ እስራኤልን የስግድ በዓል በሕግ የአገር በዓል አድርጎ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በፖሊስ ተደብድቦ ትልቅ ሰልፍ ከተደረገ በኋላ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በ2016 ባቀረበው ዘገባ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት ለማስወገድ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል የታሪካቸውንና የባህላቸውን በትምህርት መካተት ጠቅሷል።

ይህ ጥያቄ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የብሔረሰቦች ጥናት መርሐ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2019 ተረቅቆ ነበር። የአይሁድ ማኅበራት ረቂቁን አንብበው፣ ስለ ልዩ ልዩ የጥላቻ ዓይነቶች ሲናገር በአይሁድ ላይ ስለሚደርሰው ጥላቻ በቂ ነገር አለመናገሩን፣ አልፎም አይሁድን የሚያስከፋ ነገር መያዙን ገለጹ። የአርመንና የሲክ ማኅበረሰቦችም ታሪካቸው እንዲገባ ጠየቁ። ረቂቁ ደጋግሞ ታርሞ በመጋቢት 2021 ሲጸድቅ ስለ አይሁድ፣ ስለ አርመን፣ ስለ ሲክና ስለ ዐረብ ተወላጆች የሚናገሩ አብነት ትምህርቶች ገቡበት። ሁሉም ግን አልተደሰተም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጁት ምሁራን፣ ትምህርቱ የተፈጠረው ስለ ጥቁሮች፣ ስለ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ስለ ላቲኖችና ስለ እስያ ተወላጆች ነው፤ ብዙ ነገር ሲጨመርበት ዋና ዓላማው ይጠፋል ብለው ስማቸው ከሰነዱ እንዲወጣ ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ነበራቸው። አመዛዛኝ ድርሰት የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. «ቤተ እስራኤል» እና «ፈላሻ» በሚሉት ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?
2. ርስት ማጣትና የእጅ ሥራ እንዴት ተያያዙ?
3. ወጣቶቹ «መጻሕፍቱ የሚያወሱት አውሮፕላኑን ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
4. የካሊፎርንያው ረቂቅ አዘጋጆች ያቀረቡትን ተቃውሞ ሳታዳንቁና ሳታቃልሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መ. የቃላት ጥናት፦ ሰገደ

በምንባቡ ውስጥ ስግድ የሚል ቃል አግኝታችኋል። ስግድ ቤተ እስራኤል ከስርየት ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚያከብሩት በዓል ነው። በኢትዮጵያ ሳሉ በዚያ ቀን እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጡ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ሲያነቡላቸው ይሰሙ፣ ሲወርዱም በአንድነት ይበሉ ነበር። ቃሉ የተገኘው ሰገደ ከሚለው ግሥ ነው። ግሡን ስታረቡት ሰጋጅ፣ ስግደት፣ መስገድ፣ አሰገደ ይሆናል።

አሁን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ መንገድ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ስግደት ያደርሳል። ሙስሊሙ በመስጊድ ይሰግዳል። መስጊድ የሚለው ቃል በዐረብኛ የስግደት ስፍራ ማለት ሲሆን፣ ዐረብኛም ግእዝም ሴማውያን ቋንቋዎች ስለ ሆኑ ሥሩ አንድ ነው። ቤተ እስራኤልም የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ብለው ይጠሩት ነበር። ሦስት ሃይማኖቶች በአንድ ግሥ ይገናኛሉ። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የጎረቤቱን ታሪክ መማር የራሱን ቃል መማር መሆኑን ይረዳል።

መልመጃ አንድ፦ ጸለየ፣ ጾመ፣ ባረከ የሚሉትን ግሦች አርቡ። ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ቃላት አውጥታችሁ በዓረፍተ ነገር አግቡ።

ሠ. ሰዋስው፦ ተደራጊ ግሥና የተሰወረው ባለቤት

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
1. ንጉሡ ርስታቸውን ነጠቃቸው።
2. ርስታቸውን ተነጠቁ።

በአንደኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «ንጉሡ» ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው እርሱ ነውና ግሡ አድራጊ ግሥ ይባላል። በሁለተኛው ግን ድርጊቱ የደረሰባቸው ሰዎች ባለቤት ሆነዋል፤ ግሡም «ተ» በሚለው ቅጥያ ጀምሮ ተደራጊ ሆኗል። ነጣቂው ማን እንደ ሆነ አልተነገረም።

ተደራጊ ግሥ በራሱ ስሕተት የለበትም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ፣ ወይም ትኩረታችን ድርጊቱ በደረሰበት ሰው ላይ እንዲሆን ስንፈልግ እንጠቀምበታለን። ታሪክ ስንጽፍ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ተሰደቡ፣ ተነጠቁ፣ ተገደሉ፣ ተወሰዱ» እያለ የሚሄድ ጽሑፍ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ በደሉን የፈጸመውን ይሰውራል። ሁለተኛ፣ የተበደሉትን ሰዎች ምንም የማያደርጉ፣ ሁሉ ነገር የሚደረግባቸው አስመስሎ ያሳያል። ከምንባቡ ውስጥ «በአውሮፕላን ተወሰዱ» የሚለውንና «በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ» የሚለውን አስተያዩ። በመጀመሪያው ሰዎቹ ዕቃ ይመስላሉ፤ በሁለተኛው ተጓዦች ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ መጻፍ ግን ግማሽ እውነት ነው።

አድራጊውን ሳንተው ተደራጊ ግሥ ለመጠቀም ስንፈልግ «በ» የሚለውን መስተዋድድ እንጨምራለን፦ በንጉሡ ትእዛዝ ርስታቸውን ተነጠቁ።

ማሳሰቢያ፦ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። «ተሻገረ፣ ተቀበለ፣ ተራመደ» በ«ተ» ቢጀምሩም ባለቤታቸው ራሱ አድራጊ ነው። መለያው «ድርጊቱን የፈጸመው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሌላም የሚጠነቀቁለት ነገር አለ። የተረጋገጠውንና የሚነገረውን መለየት ያስፈልጋል። ስለ ዮዲት ጉዲት ብዙ ሰምታችኋል። አክሱምን ያፈረሰች አይሁዳዊት ንግሥት ነበረች የሚለው ትውፊት በሰፊው ተሰራጭቷል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በትውልድዋም በሃይማኖትዋም አይስማሙም። ስለዚህ «አይሁዳዊት ነበረች» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «አይሁዳዊት እንደ ነበረች በትውፊት ይነገራል» ብሎ መጻፍ ግን ትክክል ነው። በአንድ ግሥ ለውጥ አንድ ሕዝብ ካልተረጋገጠ ክስ ይድናል።

መልመጃ ሁለት፦ ቀጥሎ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አድራጊውን እየጨመራችሁ ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ። አድራጊው ማን እንደ ሆነ ከምንባቡ ፈልጉ።
1. የልጆቹ ስም ተለወጠ።
2. ባለሙያው «ቡዳ» ተብሎ ተሰደበ።
3. የስግድ በዓል በሕግ ጸደቀ።
4. የመጀመሪያው ረቂቅ ተነቀፈ።

ረ. ድርሰት፦ አመዛዛኝ ድርሰት

ተራኪ ድርሰት የሆነውን ይናገራል፤ ገላጭ ድርሰት ነገሩ ምን እንደ ሆነ ያስረዳል። አመዛዛኝ ድርሰት ግን በሚያከራክር ጉዳይ ላይ አቋም ወስዶ አንባቢን በማስረጃ ለማሳመን ይጥራል። አራት ክፍሎች አሉት።

1. አቋም። በመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩንና የጸሐፊውን አቋም በግልጽ ቋንቋ ታስቀምጣላችሁ። «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ አንዳንዶች እንዲያ ይላሉ» ብሎ መሸሽ አቋም አይደለም።

2. ማስረጃ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያት ይይዛል፤ ምክንያቱም በሚታይ ነገር፣ ማለትም በቦታ፣ በዓመት፣ በሰነድ ወይም በሕግ ይደገፋል። ስድብና ለቅሶ ማስረጃ አይሆኑም።

3. የተቃራኒ ሐሳብ። ተቃራኒያችሁ ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ እኔ ያልሁት ይህን ነው» በሚልበት አኳኋን ሐሳቡን ጻፉ። ከዚያ በኋላ መልሱ። የጠላትን ሐሳብ አሳንሶ መምታት ጭድ የተሞላ ሰው መውጋት ነው።

4. መደምደሚያ። ምን እንዲደረግ ትፈልጋላችሁ? ማን ያድርገው? ጥያቄያችሁ ሊፈጸም የሚችል ይሁን።

ማስረጃውን ከሩቅ አገር ብቻ አትፈልጉ። ወሎ የሚለው ስም ራሱ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ አካባቢው ከገቡ የኦሮሞ ጎሳዎች የመጣ ነው፤ ቀድሞ አገሩ ቤተ አማራ ይባል ነበር። የወሎ ሼሆች በአማርኛ መንዙማ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ይህም አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ስለዚህ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ብቻ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን የምትገኘው ቦሩ ሜዳም አለች። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከወሰኑ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼሕ ጦልሐ ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ተዋጉ። አንዱ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የአንድነት ቀን አድርጎ ያስታውሰዋል፤ ሌላው የመከራ ቀን አድርጎ ያስታውሰዋል። ሁለቱም አስታዋሾች ዛሬ በአንድ ክፍል፣ ምናልባትም በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በዐፄ ይስሐቅ ትእዛዝና በቦሩ ሜዳው ትእዛዝ መካከል ያለውን ተመሳሳይነትና ልዩነት ለራሳችሁ መርምሩ።

ሰ. አብነት ድርሰት

ቀጥሎ ያለው ድርሰት በኮምቦልቻ የምትማር አንዲት ተማሪ ልትጽፈው የምትችለውን ዓይነት ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። በኅዳጉ ላይ አቋሙን፣ ማስረጃውን፣ የተቃራኒውን ሐሳብና መደምደሚያውን በቁጥር እያመለከታችሁ አንብቡት።

የጎረቤቴ ታሪክ የእኔም ትምህርት ነው

በኮምቦልቻ በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና አርጎብኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች ልጆች፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ የገበሬ፣ የነጋዴና የባለ እጅ ልጆች አብረን እንማራለን። የታሪክ ትምህርታችን የእነዚህን ሁሉ ቤተሰቦች ታሪክ፣ ጥሩውንም ክፉውንም፣ ሊይዝ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ፣ ሕጉ ይህን ይደግፋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 የብሔር ብሔረሰቦችን ታሪካቸውን የመጠበቅና ባህላቸውን የማሳደግ መብት ይገልጻል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ ወገናዊነትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዝዛል። የአንዱን ወገን ትዝታ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ይህን ድንጋጌ አያሟላም።

ሁለተኛ፣ ያልተማርነውን ነገር በስድብ እንሞላዋለን። ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ ለአገራችን ያደረጉትን በመጽሐፍ ብናነብ ኖሮ፣ በመንደር የሰማነውን የ«ቡዳ» ወሬ የምንመዝንበት ሚዛን ይኖረን ነበር። ቤተ እስራኤል ከጎንደር ሲወጡ ስለ እነርሱ የሚያውቀው ብዙው ሰው የሰማውን ተረት ብቻ ነበር። ጎረቤትን ከሄደ በኋላ ማወቅ ዘግይቶ ማወቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ታሪካችን በእውነት የተሳሰረ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገበያያሉ። በወሎ የሙስሊም ስም ያለው ሰው የክርስቲያን አያት፣ የክርስቲያን ስም ያለው ሰው የሙስሊም አያት ሊኖረው ይችላል። የአንዱን ታሪክ ቈርጦ ማውጣት የሌላውን ማጉደል ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ከባድ ምክንያት ያቀርባሉ። የየብሔረሰቡን በደል እየዘረዘሩ ማስተማር ቂምን ያወርሳል፤ ልጆችንም ከአንድነት ይልቅ ልዩነትን ያስለምዳል ይላሉ። አገራችን በቅርቡ ካየችው ጦርነት በኋላ ይህን ፍርሃት ማቃለል አይቻልም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ እኛንም አግኝቶናል። ይሁን እንጂ ያልተነገረ በደል አይረሳም፤ በየቤቱ፣ በእሳት ዳር፣ ተጨምሮበት ይነገራል። በትምህርት ቤት ሲነገር ግን ማስረጃ ይጠየቅበታል፣ ሌላው ወገንም ቀርቦ ይሰማበታል። ቂምን የሚያሳድገው ታሪኩ አይደለም፤ ታሪኩን ለብቻ መስማት ነው።

ጊዜ የለንም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ መጽሐፉ ሁሉን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ መጽሐፍ አይደለም። በየዓመቱ በታሪክና በአማርኛ ትምህርት እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ወገን ያልሆነን የአንድ ጎረቤት ሕዝብ ታሪክ ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ በክፍል ፊት እንዲያነብ መምህራን ቢያደርጉ ይበቃል። በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ትምህርት ቤታችንም እንደ አዳራሹ ስም ማንንም የማይጠየፍ ይሁን።

ሸ. በአብነቱ ላይ አስተያየት

ጸሐፊዋ ተቃራኒዎቿን «ጠባቦች» ወይም «አላዋቂዎች» ብላ አልሰደበችም። ፍርሃታቸው ከምን እንደ መጣ ተናግራ፣ ካመነች በኋላ መልሳለች። «እርግጥ ነው»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» የሚሉት ማያያዣዎች ሐሳቡን እንዴት እንደሚያሸጋግሩት ተመልከቱ። ድርሰቱ ግን ፍጹም አይደለም። በሁለተኛው ምክንያት «ብዙው ሰው» የሚለው አነጋገር ማስረጃ ይጎድለዋል። አራተኛው አንቀጽም ለአስተሳሰቡ ይበልጥ የሚሆን ምሳሌ ሊጨመርበት ይችል ነበር። እናንተስ ሌላ ምን ጉድለት ታዩበታላችሁ?

ቀ. መልመጃ ሦስት

1. በክፍላችሁ ሁለት ቡድን ሁኑ። አንዱ ቡድን «የየሕዝቡ ታሪክ በሁሉም ትምህርት ቤት ይሰጥ» የሚለውን፣ ሁለተኛው «ትምህርት ቤት በሚያስተባብረው የጋራ ታሪክ ላይ ብቻ ያተኩር» የሚለውን ይያዝ። ክርክሩ ሲፈጸም አቋማችሁን ተለዋወጡና እንደ ገና ተከራከሩ።

2. ከእናንተ ወገን ያልሆኑ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አሮጊት ፈልጉ። በአክብሮት ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ቤተሰባቸው ከየት እንደ መጣና አባቶቻቸው በምን ሥራ እንደ ኖሩ አጠያይቋቸው። የነገሯችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ፤ የተረጋገጠውንና የሚነገረውን በግሦቻችሁ ለዩ። ስማቸው እንዲጻፍ ካልፈቀዱ ስማቸውን አትጻፉ።

3. ከዚህ መዝገብ ተነሥታችሁ ከ250 እስከ 300 ቃላት የሚደርስ አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። ርእሱን ራሳችሁ አውጡ። አራቱ ክፍሎች በሙሉ መገኘት አለባቸው። ስትጨርሱ ድርሰቱን ላነጋገራችኋቸው ሰው አንብቡላቸው። «እንዲህ አላልሁም» ካሉ አርሙት፤ «ይህማ እኔ ነኝ» ካሉ ለመምህራችሁ አስረክቡ።